ለመጪው ክረምት የምንተክለው ዛፍ ለወፎቹም ፍሬ ይኑረው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁ ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ችግኝ ተከላ በስፋት ይዘግባል። እኔ ግን ይህን ደብዳቤ በጥር የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። በሰኔና በሐምሌ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ችግኝ ምን ዓይነት እንደሚሆን በአብዛኛው የሚወሰነው ዘር በሚለቀምበትና በችግኝ ጣቢያ መደብ ላይ በሚዘራበት በዚህ የበጋ ወቅት በመሆኑ፣ ሐምሌ ላይ የሚቀርብ አስተያየት የረፈደ አስተያየት ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው። በአዲስ አበባ የሚተከሉ ዛፎች ሲመረጡ፣ በብርዱ ወራት ለዱር ወፎች የሚበላ ፍሬ የሚሰጡት አገር በቀል ዛፎች፣ በተለይም ወይራ፣ የአበሻ ጽድ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዝግባና ሾላ፣ የሚገባቸው ቦታ ይሰጣቸው፤ ዛሬ ቆመው የሚገኙትም ፍሬያቸውን በተሸከሙበት ሰዓት አይቆረጡ።

በጋ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፀሐዩን ነው። በደጋው ግን ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ የውርጭ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ወደ እንጦጦ ጋራ በተጠጋን መጠን ደግሞ አንዳንድ ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይገኛል። ሃያ ሠላሳ ግራም የምትመዝን ወፍ እንዲህ ያለውን ሌሊት የምታልፈው ቀን ያጠራቀመችውን ስብ በማቃጠል ስለሆነ፣ ሲነጋ ጊዜ የማይሰጥ ረሃብ ይዟት ትነሣለች። ዝናቡ ካቆመ ወራት አልፈዋልና ነፍሳቱ ቀንሰዋል፤ ያሉትም ቢሆኑ ብርዱ እስኪለቅ ድረስ ከተሸሸጉበት አይወጡም። በዚያ ሰዓት ብዙ ሳትደክም የምታገኘው ምግብ በዛፍ ላይ የበሰለ ፍሬ ነው።

ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፣ በእንጦጦ ማርያምና በእንጦጦ ራጉኤል አካባቢ፣ ወይም ዕድሜ ጠገብ ዛፍ በተረፈበት በማንኛውም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ፍሬው የጠቆረ ወይራ ፈልጎ፣ ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ፣ ከዛፉ ሃያ ርምጃ ያህል ራቅ ብሎ በጸጥታ ቢቀመጥ ይበቃዋል። መጀመሪያ ዛፉ ባዶ ይመስላል። ጥቂት ቆይቶ ግን ነፋስ ሳይኖር አንዱ ቅርንጫፍ መወዛወዝ ይጀምርና ሶሪት ብቅ ትላለች። አረንጓዴ ገላዋ ከቅጠሉ ጋር ስለሚመሳሰል እስክትንቀሳቀስ ድረስ አትለይም፤ የሚያስታውቃት በጉንጯ ላይ ያለው ነጭ ምልክትና ዓይኗን የከበበው ቀይ ቆዳ ነው። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ከመብረር ይልቅ በእግሯ መሮጥ ትመርጣለች፤ ከአራቱ ጣቶቿ አንዱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለሚዞርላት በቀጭን ቀንበጥ ላይ እንኳ አጥብቃ ይዛ ትቆማለች። ፍሬውን በምንቃሯ ጫፍ ትቀጥፍና አንገቷን ቀና አድርጋ እንዳለ ትውጠዋለች። ስትነሣ ክንፏ ሲዘረጋ ብቻ የተሸሸገው ደማቅ ቀይ ላባ ይገለጣል። ይህ ቀይ በሌሎች ወፎች ላይ ከምናየው ቀይ የተለየ፣ መዳብ ያለበት ቀለም ሲሆን የሚገኘውም በሶሪት ወገኖች ዘንድ ብቻ ነው። ይህቺ ባለ ነጭ ጉንጭ ሶሪት ደግሞ ከኢትዮጵያና ከቅርብ ጎረቤቶቿ በስተቀር በሌላ የዓለም ክፍል የለችም። እኛ ግን ብዙዎቻችን በደጃችን አድራ በደጃችን እየዋለች አናውቃትም።

ከእርሷ በኋላ ሌሎቹ ይከተላሉ። ጅራታቸው ከሰውነታቸው የሚረዝም፣ ራሳቸው ላይ ቁንጮ ያላቸው ቡናማ ወፎች በቡድን ይመጣሉ። ሌሊቱን እርስ በርስ ተጠጋግተውና ተደራርበው ስላደሩ ማለዳ የሚያደርጉት የመጀመሪያ ነገር ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ሆዳቸውን ለፀሐይ መስጠት ነው፤ መብላት የሚጀምሩት ከሞቃቸው በኋላ ነው። በየግቢያችን ሣር ላይ ትል ሲፈልግ የምናየው ብርቱካንማ ምንቃር ያለው ወፍ በዚህ ወቅት ከሣሩ ይልቅ ዛፉን ያዘወትራል። ራሱ ጥቁር፣ ገላው ቢጫ የሆነው ዘማሪ ወፍም ይመጣል። በአበሻ ጽድ ላይ ደግሞ ርዝመቷ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች አረንጓዴ በቀቀን ትታያለች፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ሴቷ ግን መላ አካሏ አረንጓዴ ነው፤ ሲበሩ የክንፋቸው ጥቁረት በግልጽ ይታያል። እነዚህ ትናንሽ በቀቀኖች የጽዱን ፍሬ ሥጋ ልጠው ዘሩን ስለሚፈለፍሉ ከዛፉ ሥር የቆመ ሰው የፍርፋሪውን መውደቅ ይሰማል።

በተለይ ልቤን የሚነካው ግን ከሁሉም የምታንሰው እንግዳ ናት። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ የሆነች፣ ወንዱ ጥቁር ቆብ፣ ሴቷ ቡናማ ቆብ ያላት ግራጫ ወፍ በአውሮፓና በምዕራብ ሳይቤሪያ ጫካዎች ፈልፍላ፣ ቅዝቃዜው ሲበረታ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጣ በመስከረምና በጥቅምት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ትመጣለች። በትውልድ ቦታዋ በዋናነት ነፍሳት ትበላ የነበረችው ወፍ እዚህ የወይራና የቁጥቋጦ ፍሬ ትለቅማለች። በመጋቢትና በሚያዝያ ተመልሳ ለመሄድ በቆዳዋ ሥር ስብ ማከማቸት አለባት፤ ያ ስብ በከፊል ከእኛ ዛፎች የሚገኝ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ የቆመ ወይራ ባለቤቱ ሳያውቅ የሁለት አህጉር ወፍ ይመግባል ማለት ነው። በአገራችን ከተመዘገቡት ከ860 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች መካከል እንዲህ ከሌላ አገር መጥተው የሚከርሙት ብዙ ናቸው፤ በእንግዳ ተቀባይነታችን ስንኮራ እነርሱንም ብናስብ መልካም ነው።

ወፎቹ በልተው ብቻ አይሄዱም። የወይራ፣ የጽድና የጥቁር እንጨት ፍሬ ከዛፉ ሥር ቢወድቅ ዘሩ በእናቱ ጥላ ሥር ከመቅረት በስተቀር ዕድል የለውም። ሶሪትና መሰሎቿ ግን ሥጋውን ፈጭተው ዘሩን ወይ መልሰው ይተፉታል፣ ወይም ከኩሳቸው ጋር ሌላ ቦታ ይጥሉታል። በእርግጥ ሁሉም ወፍ ዘር ዘሪ አይደለም፤ ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸው በቀቀኖች ዘሩን ራሱን ይበሉታል፤ ከዱር እርግቦችም በጠንካራ ጨጓራቸው ብዙ ዘር የሚፈጩ አሉ። ይሁን እንጂ በሕይወት የሚተርፈው ዘር ደን ለመመለስ የሚያንስ አይደለም። በትግራይ ከከብት በተከለሉ ተራሮች ላይ በተካሄዱ ጥናቶች፣ የወይራ ችግኝ እንደ ደደሆ ባሉ ቁጥቋጦዎች ሥር ተጠልሎ እንደሚበቅል ታይቷል፤ ወፏ ቁጥቋጦው ላይ አርፋ የጣለችው ዘር እዚያው ጥላና ከለላ ያገኛል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ባለው በመናገሻ ሱባ ደንም በተተከሉ የውጭ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክላቸው ብዙ የአገር በቀል ዓይነቶች መብቀላቸውን ተመራማሪዎች መዝግበዋል፤ የተፈጥሮው ደን አጠገባቸው በመኖሩ ዘሩ በወፍና በእንስሳት ይደርሳቸዋል። መናገሻን ካነሣሁ አይቀር፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በወጨጫ ተራራ ያስተከሉት ጽድ ዘሩ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን እንደመጣ ይነገራል። ንጉሡ ያስጀመሩትን ሥራ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያለ ደመወዝ ሲቀጥሉ የኖሩት ወፎቹ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መታየት አለበት። ወፍ መርጣ አትዘራም፤ የምትዘራው ያቀረብንላትን ነው። ለጌጥና ለአጥር ተብሎ ከአሜሪካ አህጉር የመጣውን የወፍ ቆሎ እንውሰድ። አበባው ያምራል፤ ጥቁር ፍሬውን ወፎች ይወዱታል፤ በዚህም ምክንያት ከአጥር አልፎ በተለይ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የግጦሽ መሬት ወርሯል፤ ቅጠሉ ደግሞ ለከብት መርዝ ነው። ወፏ ጥፋት የለባትም፤ በአካባቢዋ ያገኘችው እርሱን ነው። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ወይራ ተቆርጦ የወፍ ቆሎ አጥር ሲተካ የምናጣው አንድ ዛፍ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ባዶ ቦታ ሁሉ ከዓመታት በኋላ ምን እንደሚበቅልበትም አብሮ ይወሰናል።

በችግኝ ጣቢያዎቻችን ዘንድም ሳይስተዋል የሚያልፍ መደበላለቅ አለ። ለአጥርና ለግቢ ማስዋቢያ በብዛት የሚሸጠው የፈረንጅ ጽድ ከሩቅ ሲያዩት የእኛን ጽድ ይመስላል፤ ፍሬው ግን ደረቅና እንጨታማ በመሆኑ ፍሬ ለቃሚ ወፍ የምትበላው ነገር የለውም። የአበሻ ጽድ ፍሬ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፣ ስትበስል ሰማያዊ ጥቁር የምትሆን፣ ሥጋ ያላት ፍሬ ናት። ገዢው «ጽድ ስጠኝ» ብሎ የሚወስደው የትኛውን እንደሆነ ሻጩ ሊነግረው ይገባል። ከዚህም ሌላ የአበሻ ጽድ ወንድና ሴት ዛፉ በአብዛኛው የተለያየ ስለሆነና የሚያፈራው ሴቴው ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ብቻ ተክሎ ፍሬ የሚጠብቅ ሰው ሳይሆንለት ሊቀር ይችላል፤ ቦታ ያለው ትምህርት ቤት ወይም ደብር በርከት አድርጎ ቢተክል ይመረጣል። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋን የሸፈነው ባሕር ዛፍም፣ በየመንገዱ የቆሙት ጃካራንዳና ግራቪሊያም ዘራቸው ደረቅ ነው። አበባቸው የአበባ ማር ለሚቀስሙ ወፎች እንደሚጠቅም አልክድም፤ ባሕር ዛፍም ባይኖር ኖሮ ከተማዋ በማገዶ እጦት ትቸገር እንደነበር አውቃለሁ። የምለው እነርሱ ብቻ በቆሙበት ሰፈር ሶሪት በታኅሣሥ ማለዳ የምትመጣበት ምክንያት የለም ነው።

ሾላንና ዋርካን ለብቻ ማንሣት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የእነርሱ ጠቀሜታ ከሌሎቹ በዓይነቱ ይለያል። ወይራም ሆነ ጥቁር እንጨት ፍሬ የሚሰጡት ወቅት ጠብቀው ነው። የሾላ ወገን ዛፎች ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጊዜ ስለሚያፈሩ፣ በአንድ አካባቢ በርከት ብለው ከቆሙ ዓመቱን ሙሉ አንዱ ባያፈራ ሌላው ያፈራል። ይህም የሆነው አበባቸው በፍሬው ውስጥ የተሸሸገ በመሆኑ ነው። አበባውን የምታዳቅለው እጅግ ትንሽ ተርብ ከአንዱ ፍሬ ወጥታ ወደ ሌላው የምትገባ ናት፤ ዕድሜዋም አጭር ስለሆነ አንዱ ዛፍ ሲያበቃ ሌላው ካልተቀበላት ዘሯ ይጠፋል። ይህ የዛፉና የተርቧ ውል ሌላው ፍሬ በሚያልቅበት ወር ለወፎች መጠባበቂያ ሆኗል። ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አገር የማይገኘው ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀን ከሚመገባቸው አንዱ የሾላ ፍሬ ነው። በከተማዋ ዝቅተኛ ሰፈሮችና በወንዝ ዳርቻዎች ያሉት የቀሩት ሾላዎች የወንዝ ዳር ልማት ሲካሄድ በቦታቸው እንዲቆሙ ብርቱ ክርክር ሊደረግላቸው የሚገባው ለዚህ ነው።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። በሰፈራችን በሚገኝ አንድ ተቋም ግቢ ውስጥ የቆመ ትልቅ ወይራ ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ፍሬው ጠቁሮ ወፎች በሚመላለሱበት ሳምንት፣ ለበዓል ግቢውን ለማጽዳት ተብሎ ቅርንጫፎቹ እስከ ግንዱ ድረስ ተከረከሙ። ምክንያቱን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ፍሬው አስፋልቱንና መኪኖቹን ያቆሽሻል የሚል ነበር። ዛፉን የከረከሙት ሠራተኞች የታዘዙትን ነው የሠሩት፤ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን ያው ሥራ ፍሬው ካለቀ በኋላ ቢሠራ ኖሮ ለተቋሙ የሚጨምርበት ወጪ አልነበረም። በየመሥሪያ ቤቱና በየደብሩ ለገናና ለጥምቀት ሲባል የሚደረገው ክርከማ ልክ በዚህ ጊዜ ላይ ስለሚውል፣ በየዓመቱ ምን ያህል ፍሬ ከነቅርንጫፉ ወደ ቆሻሻ መኪና እንደሚጫን ማሰብ ይከብደኛል።

ወይራ ቀስ ብሎ ያድጋል የሚል ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ባሕር ዛፍ ለአጠና በሚደርስበት ዕድሜ ወይራ ገና ለጋ ነው። ነገር ግን አጥር ግቢና መንገድ ዳር የሚተከል ዛፍ ለአጠና አይፈለግም፤ ዕድሜ እንዲኖረው ነው የሚፈለገው። ወይራ ደግሞ አንዴ ከጸደቀ በኋላ ድርቅን ይችላል፣ ለመቶ ዓመታትም ይኖራል። መኪና ያቆሽሻል ለሚለው መፍትሔው ዛፉን ከማቆሚያው አጠገብ አለመትከል ነው። በፓርኮች፣ በመቃብር ቦታዎች፣ በትምህርት ቤት ግቢዎችና በወንዝ ዳርቻዎች ፍሬ ቢረግፍ የሚጎዳው ሰው የለም።

ትምህርት ቤቶችን በተመለከተ የቀድሞ የባዮሎጂ መምህር እንደመሆኔ አንድ ነገር ላክል። ልጆች ስለ ዘር ስርጭት ከመጽሐፍ ከሚያነቡት ይልቅ አንድ ማለዳ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚያዩት አይረሳቸውም። ባይኖኩላር ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘም ዓይን ይበቃል። የትኛዋ ወፍ ፍሬውን እንዳለ እንደዋጠች፣ የትኛዋ ልጣ እንደጣለች፣ የትኛዋ ሌላውን እንዳባረረች በደብተር መጻፍ፤ ከዚያም ከአጥሩ ሥርና ከስልክ ሽቦው በታች ወፎች በሚያርፉበት ቦታ የበቀለ ቡቃያ እንዳለ መፈለግ። ወንጭፍ ይዞ ይዞር የነበረ ልጅ ወፏን በስሟ ሲያውቃት ወንጭፉን እንደሚያስቀምጥ በተማሪዎቼ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከዛፉ ሥር መጮህ፣ ድንጋይ መወርወርና ከስልክ የወፍ ድምፅ እያሰሙ ወፎችን መጥራት ግን ሊከለከል ይገባል፤ በብርድ ማለዳ ከምግቧ የተባረረች ወፍ የምታወጣው ጉልበት በቀላሉ የሚተካ አይደለም።

ስለዚህ የችግኝ ጣቢያ ኃላፊዎች በዚህ ወር ከወይራ፣ ከአበሻ ጽድና ከጥቁር እንጨት ዘር እንዲያስለቅሙ፣ ሲያስለቅሙም ዛፉን ሙልጭ ሳያደርጉ ለወፎቹ እንዲያስተርፉ አደራ እላለሁ። የጥቁር እንጨት ዘር ከደረቀ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ስለሚያጣ ተለቅሞ ሊከማች አይገባውም፤ ወዲያው መዘራት አለበት። የደብር አስተዳዳሪዎች፣ የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንና የየመሥሪያ ቤቱ የግቢ ኃላፊዎች ክርከማውን ፍሬው እስኪያልቅ እንዲያቆዩት እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁም በመጪው ክረምት የተከላ ዜና ሲሠራ የችግኙን ብዛት ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ጠይቆ እንዲያትም እለምናለሁ። ስንቱ ወይራ፣ ስንቱ የአበሻ ጽድ፣ ስንቱ የፈረንጅ ጽድ እንደሆነ በቁጥር ከታተመ፣ እኛም አንባቢዎች በየወረዳችን ሄደን የምንጠይቀውን እናውቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር፣
ከጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ